ለሁሉም ‹ትሩ› አንድ ‹እውነተኛ› አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከእንግሊዝኛ እየተረጎማችሁ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እወዳቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያበሽቀኛል። ‹ትሩ› (true) የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል በመጣች ቁጥር ‹እውነተኛ› ብላችሁ ታልፏታላችሁ። አንዳንዴ ያስኬዳል። አንዳንዴ ደግሞ ጉድ ነው።

የጎድን አጥንትን እንውሰድ። ሰው 12 ጥንድ አለው። ከላይ ያሉት 7 ጥንዶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ለስላሳ አጥንት ከደረት አጥንት ጋር ይያያዛሉ፤ እንግሊዝኛው ‹ትሩ› የሚላቸው እነሱን ነው። የቀሩት 5 ጥንዶች ወይ በላያቸው ባሉት ላይ ተጠግተው ነው ደረት የሚደርሱት፣ ወይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥንዶች እንደሚያደርጉት ከናካቴው አይደርሱም። ስማቸው ‹ፎልስ› ነው። ይህ ‹እውነተኛና ሐሰተኛ የጎድን አጥንት› ተብሎ ሲጻፍ፣ አንባቢ ምስኪኖቹ አጥንቶች ምን ብለው ዋሹ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ‹በቀጥታ የተያያዙና ያልተያያዙ› ቢባል ምን ነበረበት?

‹ትሩ ኖርዝ›ም ያው ነው። ‹እውነተኛው ሰሜን› ስትሉት ኮምፓሱ የሚያሳየው የውሸት ሰሜን ይመስላል። ኮምፓሱ ሥራውን እየሠራ ነው። መርፌው የሚታዘዘው ለምድር መግነጢሳዊ ኃይል ነው፤ መግነጢሳዊው የሰሜን ዋልታ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ክላርክ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው በካናዳ አርክቲክ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ አቅጣጫ ርቆ ሄዷል። ‹ትሩ› የተባለው ሰሜን ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ የሰሜን ጫፍ ነው፣ በካርታ ላይ የምናውቀው። መልክዓ ምድራዊ ሰሜን በሉት፣ ያልቃል።

ነገሩ ከሥሩ ነው የተበላሸው። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ወሬ ሳይሆን ስለ ሰው ነበር፤ ታማኝ፣ ቃሉን የማያጥፍ ማለት ነው። እምነት መጣልን የሚገልጸው ‹ትረስት› ዘመዱ ነው። ‹ትሩስ› የሚሉት የተኩስ ማቆም ስምምነትም ከዚያው ቤተሰብ ነው፣ ስምምነት ቃል መግባት ነውና። ከሆነው ነገር ጋር መግጠም የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። የጥንቱ ግን አልሞተም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ‹ትሩ ፍሬንድ› ሲል ወዳጁ እንደማይከዳው እየነገረን ነው። ከዚህ አልፎ ዕቃም ‹ትሩ› ይሆናል፤ የብስክሌት ቸርኬ ሲጣመም መካኒኩ ሽቦዎቹን እያጠበቀና እያላላ ‹ትሩ› ያደርገዋል፣ ያቃናዋል ማለት ነው። ማን ነው እዚህ ‹እውነተኛ አደረገው› ብሎ የሚጽፈው? (ማሽን ተርጓሚ ካልሆነ በቀር። እንዳትሉኝ ብቻ!)

እኔ የምጠቀምበት ቀላል መላ አለ። ተቃራኒው ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ተቃራኒው ፈጠራ ከሆነ፣ እውነተኛ ታሪክ ማለት ልክ ነው። ከዳተኛ ከሆነ ታማኝ፣ ጠማማ ከሆነ ቀጥ ያለ። ሕልም ብቻ ሆኖ መቅረት ከሆነ ደግሞ ‹እውን ሆነ› እንላለን፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ኮምፒውተር ውስጥ ተቃራኒው ‹ፎልስ› ከሚባል ሌላ ምልክት በቀር ምንም አይደለም። ፕሮግራም ጸሐፊው አንዱን ነገር ‹ትሩ› ብሎ ሲመዘግብ ስለ ዓለም እየመሰከረ ላይሆን ይችላል፤ መብራቱ ይብራ፣ በሩ ይከፈት ማለቱም ሊሆን ይችላል። እዚያ ቃሉን እንዳለ ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሙያው ሰዎችም ሲያወሩ የሚሉት ‹ትሩ› ነው።

‹ትሩ› ዓረፍተ ነገር መነሻ ላይ መጥታ ‹ግን› ሲከተላት፣ ‹እውነት ነው› ብትሉ አልጣላችሁም። ‹እርግጥ ነው›ም ይሆናል። ‹እውነተኛ፣ ሥራው ከባድ ነው ግን...› የሚለውን ዓይነት ግን እባካችሁ ከማተማችሁ በፊት አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።

የዘወትር አንባቢያችሁ