መረቡን ተዉትና ከኳሱ ስር ያለውን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ገጻችሁ ላይ ቤት ውስጥ ጎልፍ ስለመለማመድ የወጣውን ጽሁፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። በተለይ ስለ መረቡ የተጻፈው፣ ተወጥሮ ከታሰረ ኳሱ ተመልሶ ፊት ላይ እንደሚመጣ፣ ላላ ብሎ መንጠልጠል እንዳለበት፣ ከመምቻው ሁለት ተኩል ሶስት ሜትር ቢርቅ እንደሚሻል፣ ይሄን ሁሉ ጸሀፊው በደንብ አስረድተዋል። የምንጣፉ ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ቤት ያለ የትኛውም ምንጣፍ ይበቃል፣ ያሰጋው ሰው የስፖንጅ ኳስ ይጠቀም ብለው በአንድ መስመር አለፉት። እኔ እንድጽፍላችሁ ያነሳሳኝ ያቺ አንድ መስመር ናት፣ ምክንያቱም በኔ እይታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ መረብ ተገዝቶ ይሰቀላል አለቀ፣ ጭንቅላት የሚፈልገው ከኳሱ ስር ያለው ነገር ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ አይረን ክለብ፣ ማለት መሬት ላይ ያለን ኳስ የሚመቱበት ጠፍጣፋ ብረት ራስ ያለው ዱላ፣ ኳሱን የሚመታው ወደ ላይ እየወጣ አደለም፣ ወደ ታች እየወረደ ነው። ጎበዝ ተጫዋች መጀመሪያ ኳሱን ይነካል፣ ከዛ መሬቱን። የዱላው ጉዞ ዝቅተኛው ነጥብ ከኳሱ ፊት ለፊት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሜዳ ላይ ዲቮት የሚባለው የተቦጨቀ ሳር ከኳሱ ወዲያ እንጂ ወዲህ መነሳት የሌለበት ለዚህ ነው። ስለዚ በትክክል የሚመታ ሰውም ምንጣፉን ይመታል፣ አልመታሁትም የሚል ካለ ኳሱን አናቱ ላይ እየመታ ነው ማለት ነው። እና ዱላው ቀስ ብሎ አይመጣም፣ ተራ ተጫዋች እንኳን በመካከለኛ አይረን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወረውረዋል። ስሩ አፈር ከሆነ አፈሩ ይሸሻል፣ ይቦጨቃል፣ ጉልበቱ እዛው ያልቃል። ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ግን ወዴት ይሸሻል? የትም። ጉልበቱ ተመልሶ በዱላው ዘንግ በኩል ወደ እጅ አንጓ፣ ከዛ ወደ ክርን ይወጣል። የጎልፍ ተጫዋቾች ክርን የሚባለው የክርን ውስጠኛ ጎን ህመም አለ፣ በውጪው ጎን የሚመጣው ደሞ የቴኒስ ክርን ይባላል ግን ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎችም በደንብ ያውቁታል፣ በተለይ ከፊት የሚሆነው እጅ ላይ፣ ማለትም በቀኝ ለሚመታ ሰው ግራ እጁ ላይ። መዳፍ ውስጥ በትንሿ ጣት በኩል ያለች ቆልመም ያለች አጥንትም አለች፣ ዱላው ጠንካራ ነገር ሲመታ የእጀታው ጫፍ እየገፋት ልትሰበር ትችላለች። ሰው ይሄን ሁሉ የስዊንግ፣ ማለት የዱላ አወዛወዝ፣ ችግር አድርጎ አሰልጣኝ ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ወለሉን አይጠረጥርም።

የስፖንጅ ኳሱ ምክር ላይ ነው እንግዲህ ከጸሀፊው ጋር የማልስማማው። የስፖንጅ ኳስ መስታወት ያድናል፣ መብራት ያድናል፣ ክርን አያድንም። እውነተኛው ኳስ ራሱ እኮ ቀላል ነገር ነው፣ ህጉ ከ45.93 ግራም በላይ እንዲሆን አይፈቅድም፣ ከዱላው ጋር የሚገናኘውም ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እጅን የሚያስጮኸው ከኳሱ የሚመጣው አደለም ከወለሉ የሚመጣው ነው። ኳሱን በጥጥ ብትቀይሩትም ወለሉ ያው ወለል ነው።

ሌላው፣ እኔን ከህመሙም በላይ የሚያናድደኝ፣ ጠንካራ ምንጣፍ ዋሾ መሆኑ ነው። ሜዳ ላይ ከኳሱ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደኋላ መሬቱን ከመታችሁ ዱላው አፈር ውስጥ ይገባል፣ ኳሱ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ይወድቃል፣ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ጠንካራ ምንጣፍ ላይ ግን ያው ስህተት ሲሰራ የዱላው ስር ነጥሮ ወይም ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋል፣ ድምጹ ጧ! ይላል ደስ ይላል፣ ኳሱ መረብ ውስጥ ስለሚገባ ደሞ የት እንደሚወድቅ አይታይም። በቃ ሰውየው ጎበዝ ነኝ ብሎ ወራት ሙሉ ያንኑ ስህተት ያጠናዋል ከዛ ሜዳ ሲወጣ ሳሩ ነው የተበላሸው ብሎ ይከራከራል። ስለዚ ቤት የሚሰራ ምንጣፍ ሁለት ነገር ከቻለ ይበቃኛል፣ ኳሱ ያለበት ቦታ ይስጥ፣ ማለት ሲመታ እሺ ይበል፣ ከዛ ደሞ እውነቱን ይናገር።

አሰራሩን ልንገራችሁ፣ አናጢ መሆን አያስፈልግም። ዋናው ነገር የሚቆምበት ቦታ ጠንካራ፣ የሚመታበት ቦታ ለስላሳ፣ የሁለቱም ከፍታ ደሞ እኩል መሆኑ ነው። ብዙ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ኳሱን ብቻ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ያ ማለት ኳሱ ከእግሩ ሶስት አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ ሳያውቀው ዱላውን ሰብሰብ ማድረግ ይለምዳል፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ሲሄድ ደሞ ኳሱን አናቱ ላይ ይመታዋል።

ኮምፔንሳቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሁለት ብትይዙና መሀል ለመሀል ብታስቆርጡት አራት ካሬ ይወጣችኋል፣ የምትፈልጉት ሶስቱን ነው። አንዱ ካሬ ሳይነካ ታች ይሆናል። ሁለቱ ላይ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ትቆርጣላችሁ፣ ረጅሙ ጎን ወደ ዒላማው አቅጣጫ የሚሄድ፣ ከእግራችሁ ከሚርቀው ጠርዝ ደሞ 15 ሴንቲ ሜትር ገባ ያለ። እንደዛ ሲሆን መስኮቱ መሀል ላይ ያለው ኳስ ከዛኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል፣ ለእናንተ 92 ይቀራል፣ እግራችሁ 30 ቢወስድ ከአውራ ጣታችሁ እስከ ኳሱ 62 ገደማ ነው፣ ለመካከለኛ አይረን ይሄ ይበቃል። ቁመቱ በጣም ረዘም ላለ ሰው ሰሌዳውን 150 ማድረግ ይሻላል። ሶስቱን አደራርባችሁ በቪቴ ትይዟቸዋላችሁ፣ የቪቴው ራስ ጠልቆ ይግባ፣ መስኮቱ አጠገብ ደሞ ብረት የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ ዱላ ሲያገኘው አያምርም።

አሁን 36 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አላችሁ። መጀመሪያ የሚገባው ፎም ነው፣ የጂም ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ኢቪኤ የሚባለው ጠጠር ያለው አይነት፣ 25 ሚሊ ሜትር። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ ዱላው ይሰምጥበታል፣ ከስር ደሞ እንጨቱን ያገኘዋል። የእቃ ማሸጊያው ነጩ ፎምም ይፈረፈራል፣ ማስቲሽ ከነካው ጭራሽ ይቀልጣል። በፎሙ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ጎማ ይተኛል፣ ክብደት የሚነሳበት ቦታ ላይ የሚነጠፈው ማለቴ ነው። ጎማው ሁለት ስራ አለው፣ አንድም ምቱን ያሰፋዋል፣ አንድም የዱላው ጠርዝ ፎሙን እንዳይበላው ይከላከላል። ድምሩ 35 ነው፣ የቀረችውን 1 ሚሊ ሜትር ከሁሉም በላይ የሚነጠፈው ሰው ሰራሽ ሳር ይሸፍናታል፣ ብቻ ሰፋ ያለ ቀጥ ያለ እንጨት በላዩ አጋድሙና እዩት፣ ውሃ ልክ ካላችሁ ደሞ የበለጠ። ፎም ከጊዜ ጋር ይረግጋል፣ ያኔ ከስሩ ስስ ነገር ጨምሮ ማንሳት ነው እንጂ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም።

ሳሩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው በመልክ ነው የሚገዛው። ለጌጥ የሚሸጠው ረጅምና ለስላሳ ሳር አብዛኛው ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ዱላው በፍጥነት ሲያልፍበት ከፍትጊያው ሙቀት የተነሳ ይቀልጥና የክለቡ ስር ላይ አረንጓዴ ነገር ይለጠፋል። ናይለን ግን ሙቀቱን በደንብ ይችለዋል፣ አጠር ብሎ ጥቅጥቅ ያለው ናይለን ነው ለመምቻ የሚሆነው። በነገራችን ላይ አስትሮተርፍ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ሂዩስተን አስትሮዶም ስታዲየም ውስጥ ተነጥፎ ስሙ የገነነው ሳርም ናይለን ነበር። እግር ለሚቆምበት ክፍል ግን ርካሹም ይሆናል፣ ውፍረቱ ብቻ ተመሳሳይ ይሁን። ስትቆርጡት ከጀርባው በከተር ነው፣ ከፊት ከቆረጣችሁት ክሩ ሁሉ ይበተናል። ሳር አቅጣጫም አለው፣ በእጃችሁ ዳብሱት፣ የተኛበት ጎን ወደ ዒላማው ይሁን፣ ያለዚያ ዱላውን ይይዘዋል።

እና እባካችሁ የመምቻውን ሳር በማስቲሽ አትለጥፉት። እግር የሚቆምበትን ለጥፉ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ እሳት የሚባል ነገር አርቃችሁ፣ ሽታው ቀልድ አደለም። የመምቻዋን ቁራጭ ግን በባለሁለት ፊት ፕላስተር ከኋላ ጠርዟ ላይ ብቻ ያዟት፣ ዱላው ሲያልፍ ፈቀቅ ስትል ከጉልበቱ የተወሰነውን ይዛ ትሄዳለች፣ ቀድማ የምታልቀውም እሷ ስለሆነች ነቅሎ በሌላ መተካት ይቀላል። ቤት ውስጥ ግራኝ ካለም ሰሌዳውን አዙሮ ቁራጯን ብቻ መልሶ መግጠም ነው። ከታችኛው ካሬ ስር ደሞ ጎማ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ይግባ፣ አንድም እንዳይንሸራተት ነው፣ ሌላው ለጎረቤት ነው፣ ባዶ ወለል ላይ የተቀመጠ እንጨት ሲመታ እንደ ከበሮ ነው የሚያስተጋባው፣ ከታች የሚኖር ሰው ካለ ጸብ ነው።

እውነቱን ይናገር ያልኩት ደሞ በጠመኔ ነው። ሳሩ ላይ ከኳሱ ስር በአግድም አንድ መስመር አስምሩ፣ ኳሱን መስመሩ ላይ አስቀምጡ፣ ምቱ፣ ከዛ ኳሱን ተዉትና ጠመኔውን እዩ። ሳሩ የተደፈጠጠው ከመስመሩ ጀምሮ ወደፊት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከመስመሩ ኋላ ከጀመረ ግን ድምጹ የፈለገውን ያህል ቢያምር ያ ምት ሜዳ ላይ አይሰራም። ጠመኔ የማይወድ ሰው ከኳሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ የታጠፈ ፎጣ ያስቀምጥ፣ ፎጣው ከተነካ ነገሩ ግልጽ ነው። ለስላሳው ምንጣፍ በራሱም ይናገራል፣ ወደኋላ ስትመቱ ዱላው ስለሚዘገይ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል፣ ብቻ አያማችሁም።

ምንጣፍ ላይ መምታት እውነተኛ ጎልፍ አደለም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ልላካቸው። እዛ ያለው ጥንታዊው የጎልፍ ሜዳ ኦልድ ኮርስ ላይ እኮ በብርዱ ወራት ፌርዌዩ፣ ማለት ሳሩ አጥሮ የታጨደው የሜዳው ክፍል፣ እንዳይጎዳ ተጫዋቹ ትንሽ ምንጣፍ ይዞ እየዞረ ኳሱን እሷ ላይ አድርጎ ነው የሚመታው። እዛ ካላሳፈረ ሳሎን ውስጥ አያሳፍርም።

ስለ ጣሪያ ብዙ አልልም፣ ሶስት ሜትር ገደማ ካለ ደህና ነው፣ ከዛ ካነሰ ረጅሙን ዱላ ይዛችሁ ሰሌዳው ላይ ቆማችሁ በጣም በዝግታ ሙሉ ስዊንግ አድርጉ፣ ሰሌዳው ላይ ያልኩት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያስረዝማችሁ ነው፣ ሰው ይሄን ረስቶ ነው አምፖል የሚያወርደው። ድራይቨር፣ ማለት ለሩቅ ምት የሚሆነውን ረጅሙን ዱላ፣ ብቻ የሚመታ ሰው ካለ ደሞ ይሄ ሁሉ ልፋት አያስፈልገውም። ድራይቨር ቲ በሚባለው ትንሽ መቆሚያ ላይ ከፍ ብሎ ያለን ኳስ ወደ ላይ እየወጣ እንዲያገኘው ስለሚፈለግ ወለሉን መንካት የለበትም፣ ሰሌዳው ጠርዝ አካባቢ ቀዳዳ በስቶ የጎማ ቲ ማስገባት ይበቃዋል። ምንጣፉ የሚያስፈልገው ለአይረንና ለአጭር ምት ለሚሆነው ለዌጅ ነው፣ አብዛኛው ልምምድ ደሞ መሆን ያለበት እነሱ ላይ ነው፣ ይሄ እንኳን የኔ አስተያየት ነው።

አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ጽሁፉ ብዙ ሰው እጅ ስለገባ ቦታ ካላችሁ የሶስቱን ካሬና የመስኮቱን ልክ በትንሽ ስዕል አድርጋችሁ አውጡልን፣ ጸሀፊውም በሚቀጥለው ሲጽፉ የስፖንጅ ኳሱን ምክር ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል። መረቡ ላይ የጻፉትን ግን አይንኩት፣ ትክክል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ