ባሩድ ማብዛት ቆቅ አያወርድም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ጥንት ጠመንጃ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሳው ታሪኩ ነው። በ1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዘው ከኋላ የሚጎርሰውን የእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ እንደገጠሙ ብዙ ሰው ያውቃል። ነፍጡ እንዴት እንደሚጎርስ ግን የሚጽፍ የለም። ስለዚህ ነገሩ በወሬ ይተላለፋል፤ ከወሬው ሁሉ ክፉው «ወፉ ራቀብህ? ባሩድ ጨምርበት» የሚለው ምክር ነው።

ባሩድ ሲበዛ የእርሳስ ፍሬው አይርቅም፣ ይበተናል። የድሮው ሁለት አፍ (ባለ ሁለት ቱቦ) ጠመንጃ ቱቦው ጫፉ ላይ አይጠብም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ውታፉ (በባሩዱና በፍሬው መካከል የሚወተፈው) ፍሬዎቹን ከኋላ እየገፋ ይበታትናቸዋል፤ መሀሉ ባዶ ይሆንና ፍሬው ዳር ዳሩን ይሄዳል። ቆቋ በመሀል ታልፋለች፣ የተጎዳው የተኳሹ ትከሻ ነው። ደንቡ ባሩዱንም እርሳሱንም በአንድ መስፈሪያ መስፈር ነው። የቱቦው ስፋት 12 ቁጥር ለሆነ ጠመንጃ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ መስፈሪያ ትበቃለች፤ ባሩድ ስትሞላ ወደ 5 ግራም፣ እርሳስ ስትሞላ ወደ 32 ግራም ትመዝናለች። ቱቦው ላረጀ ጠመንጃ ከዚህ ዝቅ ብሎ በ4 እና በ28 ግራም መጀመር ይበጃል። ለቆቅም ለጅግራም ከ2.4 እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር ያለው ፍሬ ይሆናል። ርቀቱ 25 ሜትር፣ ቢበዛ 30 ነው። ከዚያ ወዲያ የሚተኩስ ያቆስላል እንጂ አያወርድም።

ባሩድ ስል ጥቁር ባሩድ ብቻ ማለቴ ነው። ከክላሽ ጥይት የተራገፈ ጭስ አልባ ባሩድ፣ መልኩ ጠቁሮ ቢታይም፣ በጥቂቱም ቢሆን ይህን ቱቦ ይሰነጥቀዋል፤ ግራ እጅም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ከአያት የወረደ ጠመንጃ ከግድግዳ ሲወርድ እንደ ጎረሰ መቆጠር አለበት። ጥቁር ባሩድ እስከ ደረቀ ድረስ አሥርተ ዓመታት ቢቀመጥም አይሞትም። መጎስጎሻ ዘንጉን ወደ ቱቦው አስገብቶ አፈሙዙ ጋ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም አውጥቶ በውጭ በኩል ከቱቦው ጎን መለካት ነው። ዘንጉ ከቱቦው ግርጌ በላይ ከቆመ ውስጡ አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ በመተኮስ «ማጽዳት» አይሞከርም። በውኃ አርጥቦ ለባለሙያ መስጠት እንጂ።

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በየጡቱ (ከቱቦው ግርጌ ባለችው፣ እሳቱን ወደ ባሩዱ በምታስገባው ቀዳዳ ጫፍ) ላይ አንዳንድ ቆብ (እሳት የምትሰጠዋ የመዳብ ክዳን) ተደርጎ፣ አፈሙዙ ወደ ሣር ተጠግቶ ይተኮሳል። ሣሩ ከተወዛወዘ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው። ካልተወዛወዘ ዘይት ወይም ጥላሸት ደፍኖታልና በመርፌ ይጠረጋል። «ጠመንጃው እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ይጎርሳል። ሰደፉ መሬት ላይ፣ አፈሙዙ ከፊት የራቀ። ባሩዱ ከመስፈሪያው እንጂ ከባሩድ መያዣው ቀንድ በቀጥታ አይፈስም፤ ቱቦው ውስጥ የተደበቀች ፍም ብትኖር የምትበላው 5 ግራም ይሁን፣ ቀንዱን ሙሉ አይሁን። (የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ከመስፈሪያው ላይ የተወሰደ ባሩድ ሚዛኑን ያፋልሳል።) ባሩዱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ካርቶን፣ በላዩ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የሱፍ ውታፍ ይጎሰጎሳል። ውታፉ ሰምና የበሬ ሞራ በተቀላቀለበት ይቀባል። ቅቤ አይሆንም፤ በቆላው ሙቀት ቀልጦ ባሩዱን ያረጥባል። የሞተር ግሪስም ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ሲገናኝ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ከዚያ እርሳሱ፣ በመጨረሻም ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ካርቶን። የላይኛው ካርቶን ከወፈረ ፍሬውን ራሱ ይበትነዋል። ባሩዱና ውታፉ መካከል አየር ከቀረ ቱቦው እዚያ ቦታ ላይ ሊያብጥ ስለሚችል ዘንጉ ላይ ሁለት መስመር ይቀረጻል፤ አንዱ የባዶ፣ አንዱ የጎረሰ። ቆቡ የሚደፋው ሁሉም ካለቀ፣ ጠመንጃውም ከተነሣ በኋላ ነው።

ሁለት አፍ ሲሆን ጣጣው የሚመጣው ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ነው። ቀኙ ተተኩሶ ግራው ገና ሳለ፣ ቀኙን መልሶ ለማጉረስ ሲጎነበሱ ግራው አፉን ወደ ፊት አቅንቶ ቆሟል። ስለዚህ አስቀድሞ የግራው ቆብ ይነሣል፤ ይህ ከቶ አይዘለልም። ቀጥሎ ዘንጉ ወደ ግራው ይገባል፤ የቀኙ ርግጫ የላይኛውን ካርቶን ወደ ላይ አንሸራትቶት ይሆናል፣ ያ ክፍተት ደግሞ ቱቦ ያስነፋል። ከዚያ ቀኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ባሩዱ የገባበት የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠሩ ሁለቱንም ለክቶ ማረጋገጥ ነው፤ በአንድ ቱቦ ሁለት ጉርሻ የሚገባው በወሬ መሀል ሲጎርስ ነው።

ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከታለመበት ሳያነሡ አንድ ደቂቃ መቆየት ያሻል፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ቆቅ ከእግር ሥር ፈንጥቃ ስትነሣ መቸኮል አያስፈልግም። 15 ሜትር ያህል ትራቅ፤ ጠመንጃውም ከተኮሰ በኋላ እየተከተላት ይሂድ፣ ከዘመናዊው ትንሽ ይዘገያልና። ዝቅ ብላ ከበረረች ከኋላዋ እረኛ አለ፣ ከብት አለ፣ ይተዋት።

መሣሪያው በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ አደኑ ደግሞ በዱር እንስሳት ሕግ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠመንጃው አሮጌ ነው ማለት መልስ አይሆንም። ቆቃ ሐይቅ ዳር የእርሳስ ፍሬ መርጨት ግን ፈቃድ ቢኖርም አይገባም፤ ዳክዬዎች ፍሬውን እንደ ጠጠር ውጠው ይመረዛሉ። በምትኩ የብረት ፍሬ ልጠቀም የሚልም ይጠንቀቅ፣ የድሮውን ቱቦ ይቧጭረዋል።

ጽዳቱ በዚያው ቀን ነው። የባሩዱ ትራፊ እንደ ጨው እርጥበት ይስባል፤ የአዳማ አየር ደረቅ ነው ብሎ ለነገ ያሳደረ ዝገት ያገኛል። ጡቶቹ ተፈትተው ቱቦው በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይት ይቀባል። በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ ይላክበት፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይታጠባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ