ለአረጋውያን እንቅስቃሴ ሲመከር መጠኑም ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አረጋውያን የአእምሮ ጤና በተጻፈ ቁጥር መጨረሻው ላይ «የአካል እንቅስቃሴም ይረዳል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል ተደርጋ ትታለፋለች። ስንት ደቂቃ? በሳምንት ስንት ቀን? ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከየት ይጀምር? መድኃኒት ሲታዘዝ መጠኑና ሰዓቱ አብሮ ይነገራል። እንቅስቃሴም እንዲሁ ሊታዘዝ ይገባል ብለን ስለምናምን ዝርዝሩን ለአንባቢዎቻችሁ ጽፈናል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ድባቴ ሲይዘው ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይልም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነቃና እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ወገቡንና መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ መርሳት ያበዛል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ከፍቅር የተነሣም «አረፍ ይበሉ፣ እኛ እንሠራዋለን» ይላል። ጉዳቱ የሚብሰው በዚህ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው የጭን ጡንቻው ይሳሳል፤ ጡንቻው ሲሳሳ ከወንበር መነሣት ይከብደዋል፤ መነሣት ሲከብደው መውደቅን ይፈራል፤ ሲፈራ ከቤት አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ከወዳጅ ይለያል፤ ድባቴውም ይጠናበታል። ስለዚህ ለብዙዎች መቅደም ያለበት ረጅም የእግር ጉዞ ሳይሆን የእግር ጉልበትና ሚዛን ነው።

ለዚህ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን የሚተካከል ቀላል ልምምድ የለም። የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ወደ ጠርዙ ቀረብ ብሎ መቀመጥ፣ እግሮችን በዳሌ ስፋት መክፈት፣ ተረከዝን ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ከዚያ መነሣት። ሲቀመጡ እስከ 3 እየቆጠሩ በዝግታ መውረድ ያስፈልጋል፤ በዝግታ መውረዱም ጡንቻውን ያሠራዋልና። 5 ጊዜ ሠርቶ 1 ወይም 2 ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና 5 ጊዜ መድገም፤ ይህም በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሀሉ የዕረፍት ቀን እየገባ። መነሣት የሚያቅታቸው አንዳንዶቹ እግራቸውን ወደ ፊት አርቀው ቀጥ ብለው ለመነሣት ስለሚሞክሩ ነው። ያም ተስተካክሎ ካልሆነ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ በመደረብ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ፣ ወይም በእጅ መደገፊያው መታገዝ ይቻላል። ትንፋሽ ቋጥሮ መነሣት የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ስለሚያደርግ ሲነሡ አየር ወደ ውጭ ማስወጣት ይገባል።

ለሚዛን ደግሞ ጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ፊት ማስቀመጥ፣ ለ10 ሰከንድ መቆየት፣ እግር መለወጥ። እጅ ከጠረጴዛው አይራቅ።

የእግር ጉዞው በ10 ደቂቃ ቢጀመር ይበቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየተጨመረ በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ሲደርስ 150 ደቂቃ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠንም ይኸው ነው፤ በዚያ ላይ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ፣ 3 ቀን የሚዛን ልምምድ ይጨመራል። ፍጥነቱ ልክ የሚሆነው እየተራመዱ ማውራት እየተቻለ መዝፈን ሲያቅት ነው። የልብ ምት መቁጠር ሁሉንም አይጠቅምም፤ ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብና የግፊት መድኃኒቶች ምቱን ስለሚያዘገዩ ቁጥሩ ያሳስታል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ 156 የድባቴ ሕሙማን ለ16 ሳምንታት ተከታትለዋል። በሳምንት 3 ቀን የተንቀሳቀሱትና ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት የወሰዱት መጨረሻ ላይ ተቀራራቢ መሻሻል አሳይተዋል፤ መድኃኒቱ ግን ቶሎ መሥራት ጀምሯል። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ሁለት ሳምንት ሞክሮ «ምንም አልለወጠኝም» ብሎ የሚተው ሰው ጥቅሙ ሳይደርስ ነው ያቆመው። እንቅስቃሴ ለድባቴ ለተሰጠ መድኃኒት ምትክ ነው ብሎ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት በተራመዱ አረጋውያን ላይ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ 2 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን እንቅስቃሴ የመርሳት በሽታን ያድናል ማለት አይደለም፤ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ጋር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሰፊ ሙከራ ጠንከር ያለ ልምምድ የማሰብ ችሎታን መውረድ አላዘገየም።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በጉጉት አብዝተው ይሠራሉ፣ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ጡንቻ ይታመማል፣ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ተብሎ ይቀራል። በድባቴ የተያዘ ሰው ደግሞ ፍላጎቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ፍላጎቱ ግን የሚመጣው ከተንቀሳቀሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን፤ የሌሊት እንቅልፍን ለማስተካከል የጠዋት ብርሃን ስለሚያግዝ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ልጆችም «አባባ፣ ወጣ ይበሉ እንጂ» ከማለት «አብሬዎት ልሂድ» ቢሉ እጅግ ይሻላል።

ግፊት የሚቀንስ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከአልጋ ሲነሡ 1 ደቂቃ ያህል ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፤ አለዚያ ሊያዞራቸው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው እንዳይወርድ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ማቆምና ሕክምና መሻት ነው። «ሞት በወሰደኝ» የሚል ንግግር መደጋገም ከጀመረ ግን የእንቅስቃሴ ምክር አይበቃም፤ ሰውየው ብቻቸውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአረጋውያን ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች