ኩቴክሱን አስለቅቃችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ

ሰላም ለእናንተ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጤና አምዳችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨጓራ ብዙ ጽፋችኋል። ስለ ጥፍር ግን አንድም ቀን አላየሁም፤ ዛሬ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ድካም አልለቅ አላት። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ቦታ ቆማ ትተነፍሳለች። «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ትላለች፣ እኛም አመንናት፤ ሕፃን የያዘች እናት መቼ ትተኛለች? አንድ ቀን ግን ወጥ እያማሰለች አዞራትና ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ያኔ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ብትሞክረው ቁጥሩ አልረጋ አለ። እህቴ ደማቅ ቀይ ጄል ተቀብታ ነበር። «እህቴ፣ ይሄን አስለቅቂው፤ ጥፍርሽን ማየት አለብኝ» አለቻት ነርሷ። ጄል ደግሞ እንደ ተራ ኩቴክስ በአሴቶን ጠረግ አድርገውት አይለቅም፤ ሳሎን ሄደን አስለቅቀን ተመለስን።

ከሥሩ የወጣውን ጥፍር አልረሳውም። ሮዝ መሆን ሲገባው ወረቀት መስሎ ነጥቷል። መሃሉ ጎድጉዶ ጠርዙ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ልክ እንደ ትንሽ ማንኪያ። ነርሷ አንድ ጠብታ ውሃ አደረገችበት፤ ጠብታዋ ሳትፈስ እዚያው ቆመች። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 7 ሆነ፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ካነሰ ደም ማነስ ነው። አይረን ነው ያለቀባት። ኪኒን ተሰጣት፣ ቡናና ሻይም ከምግቡና ከኪኒኑ አርቃ እንድትጠጣ ተነገራት፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና። እኛ ቤት ደግሞ ቡናው የሚፈላው የምሳው ትሪ ሳይነሳ ነው!

አታጊጡ እያልኩ አይደለም። እኔም እቀባለሁ፣ ለሠርግም እንሶስላ እሞቃለሁ። ግን በሁለት ቀለም መሃል ጥፍሩን ጥቂት ቀን ባዶውን ተዉትና በቀን ብርሃን እዩት። እንሶስላና ሂና ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ፤ ጥፍሩ ካላደገ አይለቁም፣ የእጅ ጥፍር ደግሞ በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው በከባድ በሽታ ያለፈ ሰው ከወራት በኋላ ጥፍሮቹ ላይ አግድም ቦይ የሚያየው፤ ያኔ ጥፍሩ ማደጉን አቁሞ ነበር።

ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። «ካልሲየም አንሶሽ ነው» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ሥሩ ላይ ተመቶ የቀረ ምልክት ነው።

የሚያስፈራኝ ጥቁሩ መስመር ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጥፍር ላይ ቡናማ መስመር መውጣቱ የተለመደ ነው፣ በአብዛኛው ጉዳት የለውም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከተሻገረ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ለቆዳ ሐኪም አሳዩ። ቦብ ማርሌን አስታውሱ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀው ያ ሰው በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተገኘበት፤ ቁስሉ በኳስ ጨዋታ የመጣ መስሎ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ሞተ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚያው ሞክሩ። የሁለቱን ሌባ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር አጋጥሟቸው። በመሃላቸው ትንሽ የብርሃን ቀዳዳ መታየት አለበት። ቀዳዳው ከጠፋና የጣቶቹ ጫፍ ካበጠ ሳንባን ወይም ልብን መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ያስተዋለው ሊዮ ሻምሮት የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ሐኪም ነው፣ ያውም ራሱ ታሞ በገዛ ጣቶቹ ላይ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። አንድ የቆዳ ሐኪም ጋብዛችሁ ሙሉ ገጽ ስጡት። ፎቶዎቹም ከውጭ መጽሐፍ የተነሱ የነጭ ሰው እጆች አይሁኑ፤ የንጣቱም የጥቁሩ መስመርም መልክ በእኛ እጅ ላይ ሌላ ነው። የእህቴ አዲስ ጥፍር ከሥሩ ለስልሶ መብቀል ጀምሯል፣ ጫፉ ግን አሁንም ማንኪያ ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ፈቃደኛ ናት።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ