ችግኝ አታምጡልን፣ ጠባቂ እንቅጠር

«ስንት ችግኝ ልግዛላችሁ?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። እግዜር ይስጥልን። ግን ችግኝ አንፈልግም። በጥብቁ ደናችን ተካዩ ሌላ ነው። ወፉ፣ ጦጣው፣ የሌሊት ወፉ ፍሬውን በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ወፍ ዘራሽ የሚባለው በከንቱ አይደለም። ዝናብ ባባራ ማግስት ገብታችሁ ጎንበስ በሉ። የዘሩን ልጣጭ እንደ ቆብ የደፋ፣ ሁለት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ቆጥራችሁ አትጨርሱም።

ታዲያ ምን ቸገራችሁ? የሚበቅለው ብዙ፣ የሚያድገው ጥቂት መሆኑ ነው። እናቱ ሥር የወደቀውን ተባይና ሻጋታ ይፈጁታል። ጃንዘንና ኮኔል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 እና በ1971 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ያስረዱት ይህንኑ ነው። ራቅ ብሎ የወደቀው ይሻለዋል። እሱም ቢሆን ጥላው ይከብደዋል። ጥቅጥቅ ባለ ደን መሬት የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ ይጠብቃል። ከጉልበት ሳያልፍ ዓመታት ይቆያል። አንድ ቀን ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ሰማዩ ይከፈትለታል። ያኔ ሽቅብ ይመነጠቃል።

ያን ሁሉ ዓመት የታገሠውን ቡቃያ የላም ኮቴ በአንድ ከሰዓት ሲደፈጥጠው ቆሜ አይቻለሁ። አንጀት ያቃጥላል። እሳት ደግሞ ይብሳል፤ ከጠርዙ ደረቅ ሣር ተነስቶ ይገባል። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኮስታ ሪካ ጓናካስቴ በሚባል አካባቢ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቁ ሥራ እሳቱን ማቆም ነበር። ሣር የወረረው የግጦሽ መሬት ነፋስና እንስሳት ባመጡት ዘር ተመልሶ ደን ለበሰ።

የምንለምነውም ለዚሁ ነው። በደረቁ ወራት ጭስ ለሚቃኙ ወጣቶች አበል፣ ከብት በሚገባበት በኩል አጥር፣ የእሳት መከላከያ መስመር ማጽጃ። ጥቂቱ ለቆጠራ ይውላል። 20 በ20 ሜትር መደብ ከልለን ቡቃያውን፣ ለጋውንና ትልቁን ዛፍ በየዓይነቱ እንመዘግባለን። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ደን ልጅ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌ ብቻ እንደቀረበት መንደር። ይህ ሳይቆጠር አይታወቅም።

በአንዴ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታዋጡ ይሻለናል። ጠባቂው የሚበላው በየወሩ ነውና። ገንዘብ ያዣችን ለእያንዳንዱ ሳንቲም ደረሰኝ ይቆርጣል፤ መዝገቡም በየስብሰባው ይከፈታል። ጉልበት ያለው ደግሞ ለመስመር ጠረጋው ገጀራውን ይዞ ይምጣ።

ችግኙን ቀድሞ የገዛ ካለ፣ ደጁ ላይ ይትከለው።