የልጅ የቤት ጫማ ልክ በቀጭን መርፌ አይመጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በእጅ ሥራ ዓምዳችሁ የሚወጡት የሹራብና የኪሮሽ ንድፎች ተቆርጠው የሚቀመጡ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው። ስለዚህ በውስጣቸው ያለ ጉድለትም አብሮ ይዞራል። የአዋቂ የቤት ጫማ አሠራር በዝርዝር ከወጣ በኋላ ግርጌው ላይ «ለልጅ ሲሆን ቀጠን ባለ መርፌ ይሠራ» የምትል አንዲት መስመር ትታከላለች። በዚህች መስመር የሠራ ሰው የሚያገኘው ከልጅ እግር የሚወልቅ ወይም ጭራሽ የማይገባ ጫማ ነው። ምክንያቱንና መፍትሔውን ለአንባቢዎቻችሁ ባስረዳ ደስ ይለኛል።

ክሩ ሳይቀየር መርፌው ብቻ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ሥራው ጠበቅ ይላል እንጂ ብዙም አያንስም። 24 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ወደ 15 ለማውረድ ከሦስት እጅ አንዱን በላይ መቀነስ ያስፈልጋል፤ መርፌውን እስከዚያ ድረስ ያቀጠነ ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሥራው እንደ ካርቶን ይደርቅበታል። ክሩም መርፌውም አብረው ቢቀጥኑ ሥራው በእርግጥ ያንሳል፣ ልስላሴውንም አያጣም። ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፦ የልጅ እግር የአዋቂ እግር ትንሹ ግልባጭ አይደለም።

የአዋቂ እግር ዙሪያው፣ ማለትም ከጣቶቹ ሥር ሰፊው ቦታ ላይ ሜትር ሲዞርበት የሚገኘው ልክ፣ ከርዝመቱ ያንሳል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ እግር ግን አጭርና ሥጋማ ነው፤ ዙሪያው ከርዝመቱ ጋር ይቀራረባል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። የላይኛው ገጹም ከፍ ያለ ነው። ርዝመቱን ብቻ አይቶ ሁሉንም ቁጥር በአንድ መጠን የቀነሰ ሰው ጠባብ ጫማ ይሠራል።

በቁጥር እንየው። በመርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ቀለበት ዐይን ልበላት። አንድ የአዋቂ ንድፍ በ32 ዐይን ይሠራል እንበል፤ የሥራው ልክ በ10 ሴንቲ ሜትር 16 ዐይንና 22 ረድፍ ነው። ስለዚህ የጫማው ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እግሩ 24 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የልጁ 15 ነው፤ 15 ለ24 ሲካፈል 0.625 ይመጣል። 32ን በዚህ ብናበዛ 20 ዐይን፣ ማለትም 12.5 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ እናገኛለን። የልጁ እግር ዙሪያ ግን 15.5 ነው። የሹራብ ሥራ ስለሚለጠጥ ጫማው ከእግሩ ዙሪያ 10 በመቶ ገደማ ቢያንስ እግሩን ያዝ ያደርጋል፤ ይህም 14 ሴንቲ ሜትር ነው። 14ን በ1.6 ስናበዛ 22.4 ስለሚመጣ በ22 ዐይን ይጀመራል። በ20ና በ22 መካከል ያለችው ልዩነት ለዓይን ኢምንት ናት፤ የልጁን እግር የምታሳምመው ግን እሷው ናት፤ ጠባቡ ጫማ እግሩን ጨምድዶ ተረከዙ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይወልቃል።

ርዝመቱ ለብቻው ይሰላል። ለሹራብ ከእግሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማነስ ይበቃል፤ 14.5 በ2.2 ሲበዛ 32 ረድፍ ይሆናል። ዙሪያና ርዝመት ሁለት የተለያዩ ስሌቶች ናቸው፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እመኛለሁ።

የዐይኑ ቁጥር በንድፉ ድግግሞሽም ይወሰናል። አንድ ቀጥታ (ፊቱ የሚታይ ዐይን) አንድ ግልብጥ (ጀርባው የሚታይ ዐይን) እየተባለ የሚሠራው፣ እንደ ላስቲክ የሚሳበው የላስቲክ ሥራ በሁለት የሚካፈል ቁጥር ይፈልጋል፤ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ የሆነው ደግሞ በአራት። 22 ለመጀመሪያው ይሆናል፤ ለሁለተኛው ወደ 20 ወይም ወደ 24 መሄድ ግድ ነው። ለልጅ ወደ ላይ መሄድ ይሻላል፤ ላስቲኩ ራሱ ይሰበስበዋል።

ስሌቱ እውነት የሚሆነው ግን የሠሪው እጅ ከንድፉ ልክ ጋር ሲገጥም ነው። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የናሙና ቁራጭ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ይሠራል፤ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ መካከሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ዐይኑና ረድፉ ይቆጠራል። ጠርዙ ስለሚጠቀለል አይለካም። እጁ ጠበቅ ያለ ሰው 16 ሳይሆን 18 ዐይን ቢያገኝ የእኛ 22 ዐይን 13.75 መሆኑ ቀርቶ 12.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያለ ስሌት ከተሠራውም የባሰ ጠበበ ማለት ነው። ጫማው ሳይገለበጥ እንደ ቱቦ ዙሪያውን የሚሠራ ከሆነ ናሙናውም ዙሪያውን ይሠራ። በተለይ በኪሮሽ እየተገለበጠ የሚሠራ ረድፍና ሳይገለበጥ የሚዞር ሥራ ልካቸው አንድ አይደለም።

እግር ሲለካ ልጁ ቆሞ፣ ክብደቱን ጥሎ፣ ወረቀት ላይ ነው። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ተረከዙ ጫፍና ረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱም እግር ይለካል፤ ተለቅ ያለው ይወሰዳል። ልጁ አጠገብ ከሌለና የጫማው ቁጥር ብቻ ከታወቀ፣ የአውሮፓ ቁጥር በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል የጫማውን ቅርጽ ውስጣዊ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይሰጣል። 24 ቁጥር 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሲቀነስ የእግሩ ርዝመት ይገመታል። በዕድሜ ብቻ መሥራትን አልመክርም፤ የአንድ ዕድሜ ልጆች እግር በሁለት ሴንቲ ሜትር ሲበላለጥ አያስገርምም።

አሁን ወደ ጫማው የጣት በኩል እንምጣ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዙሪያውን በሚሠራ ጫማ ጣቱ የሚዘጋው በየሁለተኛው ዙር አራት ዐይን እየተቀነሰ ነው። 32 ዐይን ወደ 12 ለመውረድ አምስት የቅነሳ ዙርና አምስት ቀጥተኛ ዙር ይፈጃል፤ 10 ዙር፣ 4.5 ሴንቲ ሜትር። 22 ዐይን ወደ 10 የሚወርደው በስድስት ዙር ነው፤ 2.7 ሴንቲ ሜትር። ንድፉ «ጫፉ ሊደርስ 4.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው መቀነስ ጀምሩ» ካለና ሠሪው ይህን ለልጁም ከተከተለ ጫማው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የጣቱ ቁመት ይሰላል፤ ከጠቅላላው ርዝመት ይቀነሳል፤ ቅነሳው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከተረከዝ ተጀምሮ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ የሚሠራው፣ በመጨረሻ ጣቱ ላይ በክር ተስቦ የሚሰበሰበው ዓይነት ለጀማሪ ቀላሉ ነው። በአዋቂ ንድፍ ከፊት በኩል አንድ ሦስተኛው ብቻ ተሰፍቶ ይዘጋል። ለትንሽ ልጅ ግማሽ ገደማ መዘጋት አለበት፤ የሕፃን ተረከዝ ገና ክብና ለስላሳ ስለሆነ ጫማውን የሚይዝለት ጉልህ ቅርጽ የለውም። ተረከዙንም ለሁለት አጥፎ ከላይ እስከ ታች መስፋት ሹል ጫፍ ይፈጥራል። 22ቱን ዐይን ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት አድርጎ መክፈል፣ ሁለቱን ሰባት እርስ በርስ መስፋት፣ የመካከሉን ስምንት ደግሞ ከሥር ወደ ላይ አጥፎ በአግድም ማያያዝ ጠፍጣፋ ተረከዝ ይሰጣል። ጣቱ ከመሰብሰቡ በፊት ባለው ረድፍ ሁለት ሁለቱ ዐይን ባንድ ተሠርቶ 11 ይቅር፤ ሃያ ሁለቱም ከነሙሉ ቁጥራቸው ከተሳቡ ጫፉ ላይ የሚቋጠረው ጉብታ ጣት ይጫናል።

ይህ አሠራር ሌላ ጥቅምም አለው። ልጁ ሲያድግ የጣቱ መሰብሰቢያ ተፈትቶ አራት ረድፍ ቢጨመር 1.8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከዚያው ክር ጥቂት ማስቀረት ነው። አስቀድሞ ሰፋ አድርጎ መሥራት መፍትሔ አይሆንም፤ መራመድ እየተማረ ያለ ልጅ ትርፍ ጫፍ ይጠልፈዋል።

በኪሮሽ ነገሩ ይለያል፤ አጭሩ አሠራር (ክሩ አስቀድሞ መርፌው ላይ ሳይጠመጠም አንድ ጊዜ የሚዘጋው) ጠንካራና ብዙ የማይለጠጥ ስለሆነ ሶሉ ከእግሩ ርዝመት ጋር እኩል ይሁን። ሞላላ ሶል የሚጀመረው በሰንሰለት ነው፤ የሰንሰለቱ ርዝመት የሶሉ ርዝመት ሲቀነስ የሶሉ ስፋት ነው። 15 በ6 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሶል 9 ሴንቲ ሜትር፣ በእኛው ልክ 14 ዐይን ይሆናል። የአንድ ዙር ቁመት 0.6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አምስት ዙር በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ስፋቱ 6 ሞላ። በዚያ ላይ ዙሪያው 58 ዐይን ገደማ መሆን አለበት።

በየዙሩ የሚጨመረው ስድስት ዐይን፣ ሦስት በጣት በኩል ሦስት በተረከዝ በኩል፣ ለልጅ ሲሆን አይቀነስም። ብዙ ሰው «ሥራው ትንሽ ነውና አራት ይበቃል» ብሎ ይቀንሳል፤ ሶሉም እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። እያንዳንዱ ዙር ምንም ያህል ትንሽ ሶል ላይ ቢሠራ የዙሪያውን ልክ በቁመቱ ስድስት እጥፍ ከሩብ ያህል ያሳድገዋል፤ 0.6 በ6.28 ሲበዛ 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ እሱም ስድስት ዐይን ነው። የሚቀነሰው የዙሩ ብዛት እንጂ በዙር የሚጨመረው አይደለም። ክሩ አስቀድሞ መርፌው ላይ ተጠምጥሞ ሁለት ጊዜ በሚዘጋው ረጅሙ አሠራር ቁመቱ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ጭማሪውም 12 ይሆናል። ጠርዙ ከተጨማደደና ከተወዛወዘ ጭማሪው በዝቷል፤ ከጎደጎደ አንሷል።

መግቢያው ብዙ ጊዜ የሚጠበው በመጨረሻው ረድፍ ነው። ከተረከዝ እስከ እግሩ የላይኛው ገጽ በሰያፍ ሲዞር የሚገኘው ልክ የእግሩ ትልቁ ዙሪያ ነው፤ መግቢያው እስከዚያ መለጠጥ ይኖርበታል። በአንድ ቁጥር ወፈር ባለ መርፌ መዝጋት ይህን ይፈታል።

ስለ ክሩ መጠን፦ የዐይኑና የረድፉ ድርሻ እርስ በርስ ይባዛል። የአዋቂው ንድፍ 50 ረድፍ ቢኖረው፣ የዐይኑ ድርሻ 22 ለ32፣ የረድፉ ደግሞ 32 ለ50 ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 0.44 ይሆናል። የአዋቂው ጥንድ 100 ግራም ከፈጀ የልጁ 44 ግራም ገደማ ይፈጃል። ጥጥ አንዴ ከተለጠጠ መልሶ አይሰበሰብም፤ ሱፍ ይሰበሰባል። በሙቅ ውኃ ታሽቶ እንዲጠብ የሚፈለግ ጫማ ከሱፍ ብቻ ይሠራል፤ አክሪሊክና በማሽን እንዲታጠብ ተደርጎ የተዘጋጀ ሱፍ አይጠብም። ሲጠብም ቁመቱ ከስፋቱ በላይ ስለሚያጥር ናሙናው ታሽቶ ሁለቱ ለየብቻ ይለኩ።

ደኅንነትን በሚመለከት አንድም ንድፍ ያለ ማሳሰቢያ ባይወጣ እመርጣለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃና የክር ኳስ አይሰፋም፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። በውስጥ በኩል የተንጠለጠለ ክር ወይም ባለቀለም ሥራ ላይ ከጀርባ የሚዘል ረጅም ክር የጨቅላን ጣት ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ የክር ጫፍ በሁለት አቅጣጫ ይሸጎጥ፤ ለጨቅላ ቀዳዳ የበዛበት ሥራም ይቅር። በእግሩ የቆመ ልጅ ለሚያደርገው ጫማ ሥሩ ላይ ቆዳ ይሰፋ፤ ያለዚያ ለስላሳ ወለል ላይ ያንሸራትታል።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ ቦታ አይወስድም። በእያንዳንዱ ንድፍ መጀመሪያ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ስንት ዐይንና ስንት ረድፍ እንደሚወጣ፣ ያለቀው ሥራ ርዝመትና ዙሪያ ስንት እንደሆነ፣ ዐይኑ በስንት መካፈል እንዳለበትና ምን ያህል ግራም ክር እንደፈጀ ይታተም። የመርፌ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ አንድ ዓይነት መርፌ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ልክ ያወጣል። «ከ2 እስከ 4 ዓመት» በሚለው ቦታም የእግሩ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሹራብና የኪሮሽ ሥራ አሠልጣኝ