ስለ ካንሰር ሲጻፍ ማይክሮ አርኤንኤም ይነሣ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ካንሰር የምታወጡትን ጽሑፍ እዚህ ሐረር ከተማሪዎቼ ጋር እናነባለን። መልካም ሥራ ነው። ነገሩ ሁሉ በተበላሸ ጂን ላይ ብቻ መቆሙ ግን ይቆጨኛል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን በጥቃቅን ትሎች ላይ ያገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል ያሸለማቸው ማይክሮ አርኤንኤ በሕዋስ ውስጥ ያለ ትንሽ የአርኤንኤ (የዘር መልእክት የሚይዝ ሞለኪውል) ቁራጭ ነው፤ ርዝመቱም 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ መሠረታዊ አሃድ) ያህል ነው። በዚህ አጭር ቁመቱ ከጂን የሚወጣውን የፕሮቲን መሥሪያ መልእክት ያፍናል። ሌት-7 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ ሕዋስን «ተባዛ» እያለ የሚገፋውን «ራስ» የተሰኘ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ በሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ መጠኑ አንሶ ይገኛል። ሚር-21 የተባለው ሌላ ማይክሮ አርኤንኤ በተቃራኒው በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ይበዛል። የሚያጠቃውም የዕድገት ምልክትን እንደ ልጓም የሚይዘውን ፒቴን የተሰኘ ፕሮቲን ነው፤ ፒቴን ሲዳከም ኤኬቲ የሚባለው የምልክት መስመር ያለ ከልካይ ይሠራል፣ መሞት የነበረበት ሕዋስም ይተርፋል።

ተማሪዎቼ «ታዲያ መድኃኒቱስ?» ይሉኛል። ተሞክሯል፤ ሚር-34 የተባለውን ማይክሮ አርኤንኤ የሚተካው መድኃኒት ሙከራ ግን በከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋርጧል። ይህም ሳይሸሸግ ይጻፍ። እባካችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ምሁራን ጋብዛችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህር፣ ከሐረር